ውፍረት የምቾት ምልክት ነውን?



በአንድ ወቅት አንድ አባት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገብተው «ልጄ፣ ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል፤ ኪኒን ስጪኝ» አሉኝ። ደረታቸውን ይዘዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ግራ እጃቸውም ይከብዳቸዋል። መድኃኒቱን ሳልሰጥ በታክሲ ወደ ሆስፒታል እንዲወሰዱ አደረግሁ። ሕመሙ የልብ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል።

እኒህን አባት ዘመድ ሁሉ «ወፍረዋል፣ ተመችቷቸዋል» ይላቸው ነበር። ሆኖም ሆድ አካባቢ የሚጠራቀም ስብ የደም ግፊትን፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳርና ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ኮሌስትሮሉ በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ለዓመታት እየተጠራቀመ ቧንቧውን ያጠበዋል። በዚያ ላይ ደም ሲረጋ መንገዱ ይዘጋል፤ ደም ያጣው የልብ ጡንቻም መሞት ይጀምራል። «ሃርት አታክ» የሚባለው ይህ ነው።

ራስዎን ለማወቅ ቁመትዎን በሜትር ለክተው በራሱ ያባዙት፤ ከዚያም ክብደትዎን በኪሎ ለውጤቱ ያካፍሉ። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደትዎ ከመጠን አልፏል፤ 30 ከደረሰ ደግሞ አደጋው ከፍ ይላል። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 77 ኪሎ የሆነ እህት 30 ላይ ናት። የወገብ ዙሪያም ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ይህች እህት 4 ኪሎ ብቻ ብትቀንስ እንኳ ለግፊቷና ለስኳሯ ይጠቅማታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሆዳችንን በምግብ ብቻ እንዳንሞላ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽም ቦታ እንድንተው አስተምረውናል። እንግዲያው፦

- በዘይት የተጠበሰውን ሳምቡሳ፣ ለስላሳ መጠጡንና የሻይ ስኳሩን በረመዳንም ሆነ ከረመዳን ውጭ እንቀንስ።
- የቀን ጨዋችን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥ።
- በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለን እንራመድ፤ መስጂድም በእግር እንሂድ።
- የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች «ተሽሎኛል» ብለው በራሳቸው አያቁሙ፤ ጾም ሲደርስም ሐኪማቸውን ያማክሩ።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለኝ። ደረትን የሚጫን ሕመም ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወደ እጅ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከዘለቀ፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለበት ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በሴቶች ላይ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም ሊያይልም ይችላል። ያን ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ፍለጋ ወደ እኛ አይምጡ፤ የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ የልብዎ ነው።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።