ከተሜው ሠፋሪና የእርሻ ሙያ

ስለ ሠፈራ ሲታቀድ መሬቱ፣ ውኃውና መንገዱ በቅድሚያ ይጠናሉ። የሠፋሪውም ሙያ እንደዚሁ ሊጠና ይገባዋል። የመርጡለ ማርያም ገበሬ ልጅ ከጥጃ ጥበቃ አንሥቶ እርፍ እስከ መጨበጥ ድረስ ለዓመታት በአባቱ ሥር ይማራል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከተዛወሩት 600,000 ያህል ሠፋሪዎች መካከል የነበረው ከተሜ ግን ይህን ትምህርት አላገኘም።

ያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው መተከል፣ በበለስ ሸለቆ፣ ሙቀቱና ወባው ለደገኛው ገበሬም ከባድ ነበር። ገንዲ በሬውን ስለሚፈጅ ማሳው በትራክተር ይታረስ፣ ሠፋሪውም በማኅበር ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር የከተሜውን አለማወቅ ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ገበሬ አያደርገውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ድጋፉ ተቋረጠ፤ ብዙዎችም መንደሩን ለቀው ሄዱ። የቀረው ቤተሰብ ተስፋው የራሱ እጅና እውቀት ሆነ።

ስለዚህ ከተሜን ለማሥፈር የሚያስብ ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃዱን ይጠይቅ፤ በ1977 ብዙዎች ሳይወዱ ተጭነዋልና። ቀጥሎ ሙያውን ይመዝግብ፤ ሸማኔውና አናጢው በሙያቸው መንደሩን ይጠቅማሉ። ማረስ ለሚሻው ደግሞ ልምድ ያለው ገበሬ ጎረቤት ይመደብለት፤ ቀለቡም እርሻውን እስኪለምድ አይቋረጥበት።