መኪናውንም ገበጣውንም ልጁ ራሱ ይሥራው

ከሱቅ የተገዛ መኪና ቁልፉ ሲነካ ይሄዳል፣ ባትሪው ሲያልቅ ይቆማል። ልጁ የሚሠራው ነገር እምብዛም የለውም። የሰፈር ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሩት መኪና ግን ገና አስፋልት ሳይነካ ጥያቄ ያዘንባል። ጎማው ለምን ይንገዳገዳል? ለምን ወደ ግራ ያጋድላል? መሪው ሲዞር የፊት ጎማው አብሮ እንዲዞር ሽቦው የት ላይ ይታጠፍ? ጥያቄውን ያመጣው መምህር ሳይሆን ዕቃው ራሱ ነው። ልጁ የሰጠው መልስ ትክክል መሆኑንም የሚነግረው ያው ዕቃ ነው፦ ወይ ይሄዳል፣ ወይ አይሄድም።

በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ያስተማረው የሒሳብ ሊቅ ሲሞር ፔፐርት ይህን ከራሱ ልጅነት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው «ማይንድስቶርምስ» የተሰኘ መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ ሕፃን ሳለ በመኪና ፍቅር መያዙንና በጥርስ ማርሾች መጫወት መውደዱን ይተርካል። ትምህርት ቤት ገብቶ የማባዛት ሠንጠረዥና እኩልታ ሲገጥመው፣ ማርሾቹን በሐሳቡ እያዞረ ነበር የሚረዳቸው። የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1998 ላወጣው የሮቦት መሥሪያ ስሙን የወሰደው ከዚሁ መጽሐፍ ነው።

እንዲህ ያለውን ትምህርት ለማግኘት ውድ ዕቃ ማስመጣት አያስፈልግም። ከዚህ በታች የቀረቡት ሦስት ሥራዎች፣ ማለትም ገበጣ፣ ባለላስቲክ መኪናና ዳማ፣ ቤት ውስጥ ከሚጣል ነገር ይሠራሉ። ገበጣው ከ5 ዓመት ጀምሮ፣ ዳማው ከ7 ዓመት ጀምሮ፣ መኪናው ደግሞ ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ይስማማል። ዕድሜው ግምት ነው፤ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት አብሮ ከተቀመጠ ትንሹም መኪናውን ይሞክራል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባለበት ቤት ግን ጠጠር፣ ባቄላና ክዳን ከእጁ መራቅ አለበት፤ አፉ ከከተተው ሊያንቀው ይችላል።

ከመጀመር በፊት

አንድ የጫማ ካርቶን እንደ ዕቃ ቤት ይመደብ። ለሳምንት ያህል ቤተሰቡ የሚጥለውን እየለየ ያጠራቅምበታል፦ የሃይላንድ ክዳኖች፣ ቆርኪዎች፣ የእንቁላል መያዣ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ የተቧጨረ ሲዲ፣ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ፣ ስቴኪኒ። መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ማስቲሽና ስኮች ይጨመሩበታል።

አዋቂው የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው። በሚስማር መብሳትና ወፍራም ካርቶን በምላጭ መቁረጥ የእሱ ድርሻ ናቸው፤ የቀረው ሁሉ የልጁ ነው። የተጣመመ ነገር ሲታይ እጅ ሰዶ ማቅናት ያጓጓል፤ ይሁንና ልጁ የተጣመመውን ራሱ እስኪያየው መታገሥ ይሻላል። «ምን ሆነ?»፣ «ምን ብናደርግ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ገበጣ

ገበጣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ረጅም ዕድሜ ያለው ጨዋታ ነው። በኢትዮጵያዋ የሐና በኤርትራዋ መጠራ፣ የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የሚመድቧቸው፣ በሸክላና በዐለት ላይ የተሠሩ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም በየአካባቢው ያሉትን የአጨዋወት ዓይነቶች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት አውጥቷል። ሰሌዳው ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ረድፍ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ የሚቀለው ባለ ሁለቱ ነው።

1. ሰሌዳውን ማዘጋጀት። በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ያለው የእንቁላል መያዣ ከተገኘ ሥራው አለቀ። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ትልቁ ከሆነ ደግሞ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ እንዲኖረው ሆኖ ሁለት ረድፍ ይቆረጣል። ግቢ ላለው ቤት መሬት ላይ መቆፈርም ይቻላል፤ ልጁ ጉድጓዶቹን ትይዩ ለማድረግ ሲጥር ልኬት ይማራል።

2. ጠጠር መልቀም። 48 ጠጠር ወይም ባቄላ ያስፈልጋል። ቆጥሮ የሚያመጣው ልጁ ነው። ከዚያም «ለ12 ቤት እኩል አድል» ይባል። ማካፈልን በክፍል ያልተማረ ልጅ አንድ አንድ እያለ ያድላል፤ በየቤቱ አራት አራት እንደደረሰ ሲያይ 48 ለ12 ሲካፈል ምን እንደሚሆን በእጁ ሠርቶታል።

3. ቀላሉን ደንብ ማስያዝ። እያንዳንዱ ተጫዋች በፊቱ ያሉት ስድስት ቤቶች የእሱ ናቸው። በተራው ከራሱ ቤቶች የአንዱን ጠጠር በሙሉ ያነሣና ወደ ቀኝ እያለ በየቤቱ አንድ አንድ ይጥላል፤ ከዳር ሲደርስ ወደ ተቃራኒው ረድፍ ይሻገራል። የመጨረሻዋ ጠጠር በራሱ ረድፍ ባለ ባዶ ቤት ላይ ካረፈች፣ እሷንም፣ በትይዩ ያለውን የተቃራኒውን ቤት ጠጠርም ይወስዳል። በሌላ ቦታ ካረፈች ተራው ያልቃል። አንዱ በተራው የሚያነሣው ካጣ ጨዋታው ያበቃል፤ በሰሌዳው ላይ የቀረው ጠጠር የባለ ረድፉ ነው። 25 ጠጠር የሰበሰበ አሸነፈ።

4. ማስላት እንዲጀምር ማገዝ። መጀመሪያ ልጆች ደስ ያላቸውን ቤት ያነሣሉ፤ ብዙውን ጊዜም ጠጠር የበዛበትን። ሁለት ሦስት ዙር እንዲሁ ይጫወቱ። ከዚያ አንድ እንቆቅልሽ ሰሌዳው ላይ ይደርደር፦ ከግራ ሲቆጠር አምስተኛው ቤት ባዶ ነው፣ ሁለተኛው ቤት ሦስት ጠጠር አለው፣ ከአምስተኛው ትይዩ ደግሞ ስድስት ጠጠር ተከማችቷል። «የትኛውን ብታነሣ ይሻላል?» ተብሎ ይጠየቅ። ሁለተኛውን ቢያነሣ ጠጠሮቹ በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ላይ ያርፋሉ፤ ሰባት ጠጠርም ይወስዳል። ነገሩ የገባው ልጅ ከዚያ በኋላ ባዶ ቤቱ ስንት ቤት እንደሚርቅ ቆጥሮ ያንኑ ያህል ጠጠር ያለውን ቤት መፈለግ ይጀምራል።

5. የተቃራኒውን ሐሳብ ማንበብ። «እኔ ብሆን ምን የማነሣ ይመስልሃል?» የሚለው ጥያቄ ጨዋታውን ይለውጠዋል። ልጁ እስካሁን የሚያየው የራሱን ረድፍ ነበር። አሁን ባላጋራው ባዶ ቤት ሲኖረው፣ ከዚያ ትይዩ የራሱን ብዙ ጠጠር አከማችቶ መተው እንደማያዋጣ ያያል።

6. ደንቡን ማሳደግ። ቀላሉ ሲሰለች፣ የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ባለበት ቤት ስታርፍ ያንን ቤት አንሥቶ መቀጠልና ባዶ ቤት ሲደርሱ ማቆም ይጨመራል። ስሌቱ ወዲያው ይከብዳል፤ ትልልቆቹ ልጆች የሚወዱትም ይህንኑ ነው።

አያት ያለው ልጅ ደግሞ አንድ ተጨማሪ የቤት ሥራ አለው፦ በእሳቸው አገር ገበጣ እንዴት ይጫወቱ እንደነበር ጠይቆ ደንቡን በደብተር መጻፍ። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚያድግ ልጅም ይህን በስልክ ሊጠይቅ ይችላል፤ የእንቁላል መያዣና ባቄላ እዚያም አይጠፋም።

ሁለተኛው ሥራ፦ ባለላስቲክ መኪና

1. አካሉ። ከወፍራም ካርቶን ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ይቆረጣል። ከኋላ ጠርዙ መሐል ላይ ደግሞ በሁሉም በኩል 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ክፍተት ይወጣለታል። ላስቲኩ የሚጠመጠመው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

2. የዘንጉ ማለፊያ። የእስክሪብቶው ቀለም ወጥቶ ቀፎው ይቆራረጣል፦ አንድ ባለ 7 ሴንቲ ሜትርና ሁለት ባለ 2 ሴንቲ ሜትር። ረጅሙ ከካርቶኑ ሥር ከፊት በኩል በአግድም፣ አጫጭሮቹ ከኋላ ክፍተቱ ግራና ቀኝ በስኮች ይለጠፋሉ። የፊቱና የኋላው ትይዩ ካልሆኑ መኪናው ይዞራል። ልጁ በማስመሪያ ሳይለካ ቢለጥፈውም አይከልከል፤ መኪናው ዞሮ ያሳየዋል።

3. ዘንጎቹ። ቀጥ ያሉ፣ በቀፎው ውስጥ እንደ ልብ የሚሽከረከሩ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች በ11 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣሉ።

4. ጎማዎቹ። አራት እኩል የሃይላንድ ክዳኖች ያስፈልጋሉ። መሐላቸውን ለማግኘት ክዳኑ ወረቀት ላይ ተከልሎ ክቡ ይቆረጣል፤ ወረቀቱ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት ይታጠፋል፤ ሲዘረጋ እጥፋቶቹ የተገናኙበት ነጥብ መሐል ነው። አዋቂው በሚስማር ይበሳዋል። ቀዳዳው ጠበብ ይበል፤ እንጨቱ በግፊት ገብቶ በማስቲሽ ይጣበቃል። የኋላ ጎማዎች ከዘንጋቸው ጋር አብረው መዞር አለባቸው፤ በዘንጉ ላይ ለብቻቸው የሚሽከረከሩ ከሆነ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

5. መንጠቆው። በኋላ ዘንግ መሐል ላይ አጭር የስቴኪኒ ቁራጭ በክር ይታሰርና ማስቲሽ ይደረግበታል። ጫፉ ትንሽ ብቅ ይበል።

6. ላስቲኩ። አንድ ጫፉ በካርቶኑ የፊት ጠርዝ ላይ በተሰነጠቀች ቦታ ይያዛል፤ ሌላው መንጠቆው ላይ ይንጠለጠላል እንጂ አይቋጠርም። ከተቋጠረ፣ ተፈትቶ ሲያልቅ መልሶ ዘንጉን ያስረዋል፤ መኪናውም ይቆማል። ላስቲኩ ካጠረ ሁለት ላስቲኮች እርስ በርስ ይቀጠላሉ።

7. መንዳት። የኋላ ጎማዎች ወደ ኋላ እየዞሩ ላስቲኩ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ይለቀቃል።

አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሙከራ አያስደስትም። ጎማው እየዞረ መኪናው ካልሄደ ወለሉ አንሸራትቶት ነው፤ ከተቀደደ ፊኛ የተቆረጠ ቀለበት በኋላ ጎማዎች ላይ ይጎተት። ጎማው ከተንገዳገደ ቀዳዳው መሐል አይደለም። ጨርሶ ካልዞረ ክዳኑ ቀፎውን እየፈተገው ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው የግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው።

መሄድ ሲጀምር የልኬቱ ጨዋታ ይከፈታል። በደብተር ላይ ሠንጠረዥ ይሠራና መኪናው በ4፣ በ8 እና በ12 ዙር ጥምጥም ሦስት ሦስት ጊዜ ተለቅቆ ርቀቱ ይጻፋል። አንድ ጊዜ ላይ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ጎማውም ላስቲኩም አብረው ከተለወጡ ልዩነቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ትልልቆቹ እዚህ ላይ ስሌት ይጨምሩበት። ዲያሜትሩ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክዳን አንዴ ሲዞር 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። ላስቲኩ 8 ዙር ተጠምጥሞ ከሆነ፣ እየሳበ የሚወስደው ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ያለፈው ርቀት መኪናው በያዘው ፍጥነት የተጓዘው ነው። ቀጥሎ የኋላ ጎማዎች በሲዲ ይለወጡ፤ የሲዲው መሐል ሰፊ ስለሆነ ክዳን ተለጥፎበት ዘንጉ በክዳኑ ያልፋል። ሲዲ ዲያሜትሩ 12 ሴንቲ ሜትር ነውና አንዴ ሲዞር 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ግን ሲነሣ ይከብደዋል፣ ላስቲኩም ላይበቃው ይችላል። ልጁ የትኛው እንደሚርቅ አስቀድሞ ገምቶ ይጻፍ፣ ከዚያ ይልቀቀው።

ሦስተኛው ሥራ፦ ዳማ

ይህኛው ፈጣን ነው። በካርቶን ላይ 8 በ8 የሆነ ሰሌዳ፣ በድምሩ 64 ቤት፣ ተሠምሮ ተራ በተራ ይቀለማል። በተለመደው አጨዋወት ለእያንዳንዱ ተጫዋች 12 ቆርኪ ይሰጣል፤ የአንዱ በጀርባው፣ የሌላው በሆዱ ተደፍቶ ይለያል። መስመሮቹን ልጁ ያሥምር፤ ሁሉንም ቤት እኩል ለማድረግ የሰሌዳውን ወርድ ለስምንት ማካፈል ይኖርበታልና በ32 ሴንቲ ሜትር ቢጀምር ይቀለዋል።

የዳማ ደንብም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ በተለይ «መብላት ግዴታ ነው ወይ?» እና «የነገሠው ቆርኪ ስንት ቤት ይዘላል?» የሚሉት ጠብ ያስነሳሉ። ስለዚህ ደንቡ ከጨዋታው በፊት ተስማምተውበት በካርቶኑ ጀርባ ይጻፍ። ለጀማሪ ልጅ ሙሉውን 24 ቆርኪ መደርደር ያሰለቻል፤ በአራት አራት ቆርኪ ቢጀመር ጨዋታው ቶሎ ያልቃል፣ የተሸነፈውም ወዲያው መልሶ ይሞክራል። አዋቂው ሆን ብሎ ከመሸነፍ ይልቅ የራሱን ቆርኪ ቀንሶ ቢጀምር ይመረጣል፤ ልጆች ሆን ተብሎ የተለቀቀላቸውን ድል ያውቁታል።

ሦስቱም ከተሠሩ በኋላ ልጁ አንዱን መርጦ ለጎረቤት ልጅ ወይም ለአክስቱ ልጅ ያስተምር። አዋቂው ራቅ ብሎ ያዳምጥ። ልጁ ሲያስረዳ የዘለላት ደረጃ ወይም «እንዲሁ ነው» ብሎ ያለፋት ደንብ ካለች ገና አልገባችውም ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራው ከእሷ ይጀመራል።