ዊንዶውስ 11 አልቀበል ያለው ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ባልባላ ነው። ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው። ዊንዶውስ 11 ስጭን አያሟላም ይለኛል። በግድ ልጫንበት?

መልስ፦ ኮምፒውተርዎ አልተበላሸም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ይህን ፍተሻ ዘሎ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን አፕዴት ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ስለዚህ እኔ ብሆን በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንት የተባለ ሥርዓተ ክወና እመርጣለሁ። ሳይጭኑት ከፍላሽ ያስነሱትና ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን ይዩ። ከመጫንዎ በፊት ፋይሎችዎን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ።