መገጣጠሚያችሁን መግቡት

በገበያ ቀን በወሎዋ ፍላቂት መንገድ ዳር ቆማችሁ የሰዉን አረማመድ ተመልከቱ። አንዲት እናት እህል አዝለው ከቆላው ዳገቱን ወጥተዋል። እግራቸው ይነሣል፣ ጉልበታቸው ይታጠፋል፣ ክብደቱ ያርፋል፣ እንደገና ይነሣል። «ጉልበታቸው አለቀ» የሚል አይጠፋም። ሸክም ከልክ ሲያልፍ እርግጥ ይጎዳል፤ እርምጃው ግን ጉልበታቸውን እየመገበ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ይጨመቃል፣ ሲነሣለት ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ጉልበት ማዕድ ቀርቦለት የሚያጎርሰው ያጣ ነው። አጉራሹ እናንተ ናችሁ!

ደግሞ ሁሉም መገጣጠሚያ በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ አይጠግብም። የክርንና የጉልበት ዋና ሥራ መታጠፍና መዘርጋት ነው። የራስ ቅል አጥንቶች ስፌት ጭራሽ የተገጠመው አንጎልን ለመጠበቅ ስለሆነ ከአዋቂ ሰው እንቅስቃሴ አይጠይቅም። ዳሌና ትከሻ ግን ክብ የአጥንት ራስ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚሽከረከርባቸው ናቸው። ዳሌ ገላን ስለሚሸከም ጎድጓዳው ጥልቅ ነው። የትከሻው ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ ክንዳችን ወደፈለገበት ይዞራል፣ ከመውለቅ የሚጠብቁት ደግሞ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። የወሎ ልጅ እስክስታ ሲወርድ ልብ ብላችሁ እዩ፤ በጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ጎድን ላይ ይንሸራተታል፣ ትከሻው ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ወደፊት ይሰበቃል። አንገትም አብሮ ይጫወታል። ራሳችንን ግራና ቀኝ ስናዞር ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መካከል ነው። አባቶቻችን ለደስታቸው የመረጡት ጨዋታ ለትከሻ ከዚህ የተሻለ ምን ሊሰጠው ይችል ነበር?

ላሊበላ ላይ በገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው አለት ላይ «ቤዛ ኵሉ» የሚለው ዝማሬ ሲባልም እንዲሁ ነው። ሌሊቱን በማኅሌት ያሳለፉ ካህናት፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ፣ በአንድነት ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ይነሣሉ። እነዚያን አባቶች ያየ ሰው «ዕድሜዬ ሄዷል» ለማለት ይከብደዋል።

እናንተም ትችላላችሁ። ሱቅ የምትጠብቁ፣ ቢሮ የምትውሉ፣ መሪ ጨብጣችሁ የምትነዱ፣ ዕድል ባገኛችሁ ቁጥር ቆም ብላችሁ ተንጠራሩ፤ ትከሻችሁን አዙሩ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን ከሃያ ደቂቃ ትንሽ በለጥ የሚል ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። ትርፍ ክብደት ያላችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ከሰውነታችሁ 1 ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታችሁ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ይነሣል።

መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ከቀላ ግን ቅድሚያ ሐኪም ይየው። ተራ ቁርጥማት ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሩ፦ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንድ እግራችሁን ቀጥ አድርጉ፣ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ፣ ሌላውን ድገሙ። ነገ አሥር ጊዜ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እስከ በሩ ድረስ በእግር።