ደሴት በየብስ ላይ

ደሴት ሲባል የሚታሰበን ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። በኤሌክትሪክ ትምህርት ግን ከዋናው መሥመር ያልተገናኘና የሚያስፈልገውን ኃይል ራሱ የሚያመነጭ ስፍራ ሁሉ ደሴት ነው። ስለዚህ በቆላ ወይም በተራራ ላይ ያለ መንደርም ደሴት ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን ለመረዳት ከልደታ እንነሣ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በልደታ የሚያልፈው በኤሌክትሪክ ነው። ከበስተኋላው ቆቃን (1952 ዓ.ም.፥ 43 ሜጋዋት) እና ጣና በለስን (2002 ዓ.ም.፥ 460 ሜጋዋት) የመሳሰሉ ማመንጫዎች በአንድ መሥመር ተያይዘዋል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይረዳዋል። ደሴት ግን የሚበደርበት ጎረቤት የለውም።

አሁን እናስላ። 200 ቤቶች ያሉት መንደር ይኑር እንበል። በየቤቱ ባለ 10 ዋት 3 አምፖሎች ቢበሩ ጠቅላላው 6 ኪሎዋት ብቻ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን 3 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ሁለት ምጣዶች የመንደሩን መብራት ሁሉ ያህላሉ። 200ው ቤት በአንድ ምሽት ቢጋግር 600 ኪሎዋት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህን ጭነት ማን ይሸከመው?

1ኛ/ የናፍጣ ሞተር በማንኛውም ሰዓት ይሠራል፤ ነገር ግን ነዳጁ ከውጭ አገር ተገዝቶ፥ በቦቴ ተጭኖ እስኪደርስ ዋጋው ይከብዳል።

2ኛ/ ፀሐይ ዋጋ አትጠይቅም፤ ነገር ግን መብራት በሚፈለግበት ሰዓት ትጠልቃለች። ስለዚህ ማከማቻ ያስፈልጋል። በስፔን የምትገዛው ኤል ዬሮ ደሴት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የነፋስ ኃይል ሲተርፋት ውሃ ወደ ከፍታ ትስባለች፥ ነፋሱ ሲቀንስ ያንኑ ውሃ ለቃ ታመነጫለች። ለመንደራችን ማከማቻው ባትሪ ነው፤ ባትሪ ግን ውድ ነው።

3ኛ/ ሥርዓት። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት ቢጋግር 400 የምጣድ ሰዓት ይሆናል። ይህ ፀሐይ በምትበረታባቸው በቀን 5 ሰዓቶች፥ ለ7 ቀናት በተራ ቢከፋፈል፥ በአንድ ጊዜ የሚግሉት 12 ምጣዶች ብቻ ናቸው። 600 ኪሎዋት ወደ 36 ወረደ! ባትሪውም ለመብራት ብቻ ይቀመጣል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ዕቅድ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡ ሁሉ መብራት እንዲያገኝ፥ ከዚህም 35 በመቶው ከመሥመር ውጭ እንዲሆን አስቦ ነበር። ዘመኑ አለፈ፤ ብዙ የገጠር ቤት ግን ገና በጨለማ ነው። ለእነዚህ ሰዎች መሥመሩን ጠብቁ ማለት አይበቃም። አምፖል ሰጥቶ ምጣዱን የረሳ ዕቅድም እናቶቻችንን ከጭስና ከእንጨት ሸክም አያወጣም። ነገ መሐንዲስ የምንሆን ተማሪዎች ሂሳባችንን ከምጣዱ እንጀምር።