ኮኪው 10 ለደከመ ልብ

በከሚሴና በጨፋ ሸለቆ ዙሪያ ዐረብ አገር ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ልጅ ከምትልከው ዕቃ መካከል ደግሞ «ለእማዬ ጉልበት ይሰጣታል» የተባለ የኪኒን ብልቃጥ ይገኝበታል። ከእነዚህ አንዱ ኮኪው 10 ይባላል።

በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። የበላነው እህል በምንተነፍሰው ኦክስጅን ታግዞ ወደ ጉልበት የሚለወጠው በአብዛኛው እዚያ ነው። በዚህ ሥራ ኤሌክትሮን እየተቀበለ የሚያቀብለው ኮኪው 10 ሲሆን፣ ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል። ልብ ቀንም ሌሊትም ስለማያርፍ በብዛት ይገኝበታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድሪክ ክሬን በ1957 (እ.ኤ.አ.) ያገኘውም ከከብት ልብ ነው። ለዐረፋ የምናርደው በሬ ልብም አለው፤ ነገር ግን በ100 ግራም ውስጥ 11 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው።

በ2014 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት የልብ ድካም ያለባቸው 420 ሕሙማን ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ገሚሶቹ በቀን 300 ሚሊ ግራም ኮኪው 10፣ የቀሩት ምንም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ወሰዱ። ከባድ የልብ ችግር የደረሰባቸው ከፊተኞቹ ከመቶ 15፣ ከኋለኞቹ ከመቶ 26 ነበሩ። ተስፋ ይሰጣል፤ ጥናቱ አነስተኛ ስለሆነ ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ደግሞም ልብ በሉ! ሁለቱም ወገኖች ሐኪም ያዘዘላቸውን የልብ መድኃኒት አላቋረጡም።

ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እግራቸው የሚያብጥ፣ ዳገት ሲወጡ የሚያለከልኩ እናት ውድ ኪኒን ከባሕር ማዶ መጣልኝ ብለው ከጤና ተቋም የተሰጣቸውን ላሲክስ ቢተዉ፣ ውኃው ተመልሶ ሳንባቸውን ይሞላዋል። ኮኪው 10 ውኃ አያስወጣም። ባይሆን ልጅቱ የደም ግፊት መለኪያ ብትልክ ይሻላቸው ነበር።

ድካም ሁሉ የልብ አይደለም። እንደ ጨፋ ባለ ቆላማ አገር ወባ አለ፤ የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳና የስኳር በሽታም ያደክማሉ። ተደጋግማ የወለደች እናት የሚያስፈልጋት ብረት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ምርመራ እንጂ ብልቃጥ አይደለም። ለጤነኛ ሰው ጉልበት ይጨምራል የሚባለውም በቂ ማስረጃ የለውም።

ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንስባቸው ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች ባይወስዱት ይመረጣል።

ሐኪም ከፈቀደላችሁ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል፤ በረመዷን ከኢፍጣር ጋር ይመቻል። ብዙዎቹ እንክብሎች ሽፋናቸው ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ይሠራል። ስለዚህ ልጃችሁ ከመግዛቷ በፊት ሐላል የሚል ምልክት ወይም ከዕፅዋት የተሠራ ሽፋን እንዳለው እንድታይ በስልክ ንገሯት።