ዕቅድና የለውጥ አመራር፤ ከቆሼ የተገኘ ትምህርት



ዕቅድ የሚለውን ቃል ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። መምህራን የትምህርት ዕቅድ ያወጣሉ፤ ወረዳው የዓመቱን ዕቅድ በግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ እድራችንም በዓመቱ መጀመሪያ ተሰብስቦ ወርኃዊው መዋጮ ስንት እንዲሆን ይመክራል። ይሁን እንጂ ትርፍ ለማግኘት ሳይሆን ሕዝብን ለማገልገል የቆሙ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበሮች እንዴት ሊያቅዱ እንደሚገባቸው አጥብቀን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። እኔ በኮልፌ ቀራንዮ ተወልጄ ያደግሁ ስለ ሆንሁ፣ ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የሚሆነውን ነገር ከሩቅ አገር ሳልፈልግ ከሰፈሬ አገኘሁት። እርሱም ቆሼ ነው።

የዕቅድ ትርጕም

ነጋዴ ሥራው መልካም መሆኑንና አለመሆኑን በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ዘግቶ ያውቀዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ግን እንዲህ ያለ ቀላል ሚዛን የለውም። የውኃ መሥሪያ ቤት በገንዘብ ቢያተርፍ፣ ሰፈሩ ግን ውኃ ቢጠማ፣ ሥራውን ሠርቷል አይባልም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ድርጅት ከሁሉ አስቀድሞ «የቆምሁት ለምንድን ነው? የማገለግለውስ ማንን ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ዛሬ ስትራቴጂ የምንለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ በመነሻው የጦር አዝማችን ሥራ የሚያመለክት ነው። ከጦር ሜዳ ወደ ንግድ፣ ከንግድም ወደ ሕዝብ አገልግሎት ተሻገረ። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆን ብራይሰን በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ይህ ዓይነቱ ዕቅድ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች እንዴት እንደሚስማማ በዝርዝር አስረድቷል። ፍሬ ነገሩ እኔ እንደተረዳሁት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ድርጅቱ በሕግ የተሰጠውን ሥልጣንና ግዴታ ለይቶ ያውቃል። ሁለተኛ፤ ተልእኮውን ይወስናል። ሦስተኛ፤ ሥራው የሚነካቸውን ሰዎች፣ ማለት ባለድርሻዎቹን፣ አንድ በአንድ ቈጥሮ ሐሳባቸውን ይጠይቃል። አራተኛ፤ በውስጡ ያለውን ብርታትና ድካም፣ በውጭ ያለውንም ዕድልና ሥጋት ይመረምራል። አምስተኛ፤ ካልተፈቱ ድርጅቱን የሚያናጉትን ዋና ዋና ጥያቄዎች ነቅሶ አውጥቶ ስልት ይነድፋል። ስድስተኛ፤ የነደፈውን በሥራ ላይ ያውላል፤ በየጊዜውም እየመረመረ ያርማል።

አገራችን ለዕቅድ እንግዳ አይደለችም። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ የጀመረው በ1950 ዓ.ም. ነው። በኋላም ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተካሄደ፤ ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. ደግሞ የአሥር ዓመት የልማት ዕቅድ ወጥቷል። እንግዲህ በእኔ ሐሳብ ጭንቁ ዕቅድ መጻፍ ሳይሆን የተጻፈውን ከሰው ኑሮ ጋራ ማገናኘት ነው።

የቆሼ ታሪክ

ቆሼ፣ በሌላ ስሙ ረጲ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ቦታው ከከተማው ውጭ ነበር። ዳሩ ግን ከተማው እየሰፋ መጥቶ ከበበው። 36 ሔክታር ያህል በሚሆን መሬት ላይ ቆሻሻው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከመር ኖረ፤ ብረት፣ ፕላስቲክና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚያድሩ አያሌ ሰዎችም እንጀራቸውን በዚያው መሠረቱ።

ቦታው ስለ ሞላ ሁለት ነገር ታቀደ። አንደኛው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሰንዳፋ በኩል አዲስ መጣያ ማዘጋጀት፣ ሁለተኛው በዚያው በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ማቋቋም ነበር። የሰንዳፋው መጣያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው እንዳስጨነቃቸው፣ ውኃቸውም እንደተበከለ በመግለጽ ስለ ተቃወሙ፣ ጥቂት ወራት ብቻ ከሠራ በኋላ ቆመ። ቆሻሻ የጫኑት መኪናዎችም ወደ ቆሼ ተመለሱ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ሴቶች ነበሩ። በመላ አገሪቱ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። እኔ በዚያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የማስታውሰው፣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ስትሄድ፣ የእድራችን ሊቀ መንበርም «ያለን ድንኳን ሁለት ብቻ ነው፤ ለየትኛው ቤት እንትከል?» እያሉ ሲያለቅሱ ነው። እድራችን ለአንድ ለቅሶ አቅዶ ነበር፤ በአንድ ቀን ለሚመጣ ብዙ ለቅሶ ግን አላቀደም።

ከአደጋው በኋላ የጃፓን መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ድጋፍ ሰጥተው፣ በፉኩኦካ ዘዴ ክምሩን የማሻሻል ሥራ ተጀመረ። በዚህ ዘዴ በቆሻሻው ውስጥ ቧንቧ እየተዘረጋ ፍሳሹ እንዲወጣ፣ አየርም እንዲገባ ይደረጋል፤ ስለዚህ ቆሻሻው ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ አደገኛው ጋዝም ይቀንሳል። የኤሌክትሪኩም ጣቢያ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታቅዶ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ተመረቀ።

የሰንዳፋው መዘጋት ብቻውን አደጋውን አመጣ ማለት አይቻልም፤ ክምሩ የሃምሳ ዓመት ክምር ነበርና። ነገር ግን ሰንዳፋ መሬት ነበረው፤ ገንዘብ ነበረው፤ መሐንዲስም ነበረው። በእኔ አስተያየት የጎደለው ከፍ ብዬ የጠቀስሁት ሦስተኛው ደረጃ፣ ማለት የባለድርሻው ልብ ነው። ለከተማው መፍትሔ የሆነው ነገር ለገበሬው አዲስ ችግር ሆኖ ታየው። እንደዚሁም ቆሻሻው ወደ እሳት ሲገባ በለቀማ የሚኖረው ሰው እንጀራ የት እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ለውጥን ስለ መምራት

ኩርት ሌዊን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1947 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ለውጥን በሦስት ክፍል ከፍሎታል። መጀመሪያ የቀድሞው ልማድ እንደ በረዶ ይሟሟል፤ ቀጥሎ ወደ አዲሱ ሁኔታ ይሻገራል፤ በመጨረሻም አዲሱ መልሶ እንዲጸና ይደረጋል። ብዙ መሪዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያውን ዘለው በሁለተኛው ስለሚጀምሩ ነው። ምሳሌውም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል።

ይህን ስሕተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጸሐፊ ሳለሁ፣ ቆሻሻ ተለይቶ እንዲጣል በማሰብ በየደረጃው አጠገብ ሁለት ሁለት በርሜል አስቀመጥን። አንዱን አረንጓዴ፣ ሁለተኛውን ቢጫ ቀባን፤ ማስታወቂያም ለጠፍን። እኔም በሰልፍ ላይ ረዥም ንግግር አደረግሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ሙዝ ልጣጩና የፕላስቲክ ጠርሙሱ በሁለቱም በርሜል ተደባልቆ አገኘነው። ተማሪውን ለመክሰስ እየተዘጋጀሁ ሳለ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እናት ጠሩኝና «ልጄ፣ እኔ እኮ ማታ ማታ ሁለቱንም በአንድ ጆንያ ነው የምገለብጠው። ለይተሽ ያዢ ብሎ ማን ነገረኝ?» አሉኝ። አፈርሁ። ተማሪዎቹም ሲገለበጥ አይተው ኖሮ መለየቱን ትተውት ነበር።

ከዚያ በኋላ እንደ ገና ጀመርን። ሠራተኞቹን «እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያደርጉት ነበር?» ብለን ጠየቅን። እነርሱም ጠርሙሱ ለብቻው በጆንያ ቢጠራቀም ለቆራሌው ሊሸጥ እንደሚችል ነገሩን። ስለዚህ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለእነርሱ እንዲሆን ከአስተዳደሩ ጋራ ተስማማን፤ ከየክፍሉም አንድ ተጠሪ ተመረጠ፤ በየወሩም ተሰብስበን የተጓደለውን እናርማለን። ዛሬም አንዳንድ ቀን ይደባለቃል፤ ነገር ግን ጆንያው ይሞላል።

መደምደሚያ

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ ከመካከላችን ነገ በመሥሪያ ቤት የሚቀመጥ፣ እድር የሚመራ፣ ማኅበር የሚያቋቁም አይጠፋም። ያን ጊዜ ዕቅዳችንን ስንጽፍ አስቀድመን በበርሜሉ አጠገብ የቆመውን ሰው እንጠይቅ። ሥጋቱንም ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንመርምር። የእድራችን ሊቀ መንበር ከዚያ ክፉ ሳምንት በኋላ ለድንገተኛ አደጋ የሚሆን መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲቀመጥ አሳስበው፣ አባላቱ መክረው ተቀበሉት። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። እኔ ግን ስለ ዕቅድ ሳስብ ያንን መስመር አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም የጻፈው ሰው ለማን እንደሚያቅድ ያውቅ ነበር።